የአሰብ ዱቤ

በየሦስት ወሩ መጨረሻ ኬኔሶ ቤቴ ቁጭ ብዬ «ኢፍታ» የሚሉትን የነዳጅ ግብር ሒሳብ እሠራለሁ። ጆርጂያ ውስጥ ይህን ያህል ማይል፣ ቴነሲ ይህን ያህል፣ ኬንተኪ ይህን ያህል፤ ነዳጅ የት ቀዳሁ፣ ስንት ጋሎን። አንዷን ቅጽ ሞልቼ ለጆርጂያ እልካለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ ጣጣ አይደለም፤ 48 የአሜሪካ ግዛቶችና 10 የካናዳ ግዛቶች ድርሻ ድርሻቸውን እርስ በርሳቸው ይተሳሰባሉ። በአይ 75 ሽቅብ ስነዳ ቴነሲ መግባቴን የማውቀው በሰሌዳው ነው። ገመድ የዘረጋ የለም፣ «ውረድ፣ ሸራውን ፍታ» የሚል የለም። ሚዛን ጣቢያ አለ፤ እሱም የሚጠይቀው ክብደት እንጂ አገር አይደለም።

እነዚህ ግዛቶችም ቢሆኑ እዚህ የደረሱት ተፋቅረው ስለኖሩ አይደለም። ከቤቴ ብዙም የማይርቀው የኬኔሶ ተራራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1864 ሰሜንና ደቡብ ሆነው ተላልቀዋል፤ መድፎቹ ዛሬም አናቱ ላይ አሉ። ደቡቦቹ የራሳቸውን ዶላር አትመው ነበር፤ ሲሸነፉ ተራ ወረቀት ሆኖ ቀረ።

ስለ ገመድና ሸራ የማነሳው መኪና የለመድኩት በአሰብ መንገድ ስለሆነ ነው። ከኮምቦልቻ ተነስተን፣ ባቲን ወርደን፣ ሚሌን፣ ሎጊያን፣ ኤሊዳርን፣ ማንዳን አልፈን ቡሬ፤ ከዚያ አሰብ። መኪናው ፊያት ተሳቢ ነው፤ እኔ ረዳት፣ ሹፌሩ ጋሼ። በዚያ ሙቀት ጎማ መቀየር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ኤርትራ በ1985 ሕዝበ ውሳኔ አድርጋ ራሷን የቻለች አገር ስትሆን ቡሬ ላይ ባንዲራው ተለወጠ እንጂ ኪሳችን አልተለወጠም። ብሩ ያው ብር፣ ወደቡ ያው ወደብ። አማርኛውም ያው አማርኛ።

ካምፖ ሱዳን የምንበላው እትዬ ዘንድ ነበር። እትዬ የኮምቦልቻ ልጅ ናቸው፤ ባላቸው ወደብ የሚሠሩ የሐማሴን ሰው፤ ልጆቹ የተወለዱት አሰብ። ግድግዳው ላይ በሲባጎ የተንጠለጠለ ባለ 50 ሉክ ደብተር ነበራቸው። ስማችንን አይጽፉም፤ የሚጽፉት የታርጋ ቁጥር ነው። «ሹፌር ይቀያየራል፣ መኪና ግን ዞሮ ይመጣል» ይሉ ነበር። ከታርጋው ጎን ዓሣ ጥብስ፣ ሻይ፣ የበረዶ ውሃ፣ ሲጋራ ይሰፍራል። ስንከፍል በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዙታል፤ ሲሰርዙ ደግሞ ደብተሩን ወደ እኛ አዙረው እያሳዩ ነው።

ጥቅምት 29 ቀን 1990 የኤርትራ የራሷ ገንዘብ፣ ናቅፋ፣ ወጣ። አስመራ ናቅፋና ብር አንድ ለአንድ ሆነው በሁለቱም አገር እንዲሠራባቸው ፈለገች። አዲስ አበባ አልተቀበለችም፤ ብሯን በአዲስ ኖት ቀይራ ከ2000 ብር በላይ የሆነ ንግድ በዶላርና ኤል ሲ በሚሉት የባንክ መተማመኛ ሰነድ ይሁን አለች። ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው፤ ምክንያታቸውን አልንቅም። ግን በጭነት መኪና ጤፍ ይዞ ዛላንበሳ ላይ ድንበር ሲሻገር የኖረ ነጋዴ ባንክ ገብቶ ኤል ሲ ሲከፍት ይታያችሁ።

በዚያ ሰሞን አሰብ ስንገባ ደብተሩ ከግድግዳው ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አገኘነው። አሮጌው ብር ሊሞት ነው። አዲሱን እዚያ የሚቀበል የለም። ናቅፋስ እኛ ከየት እናምጣ? ጋሼ ኪሳቸውን ዳበስ አድርገው፣ «እንግዲህ እትዬ፣ በምን እንክፈልዎ?» አሉ። እትዬ መልስ አልሰጡም። ከደብተሩ ጫፍ ወረቀት ቀደዱና የእኛን ታርጋ ሒሳብ ገለበጡ። «ኮምቦልቻ ለእህቴ ስጡልኝ። መቀበሏን ትላክብኝ፣ እኔ እሰርዛለሁ።»

እንዲያ ተጀመረ። እኛ ኮምቦልቻ ላይ በብር እንከፍላለን፤ እህትየዋ በብሩ በርበሬና ሽሮ ገዝታ በእኛው መኪና ትልካለች፤ እትዬ አሰብ ላይ በናቅፋ ይሸጡታል። ሌሎች ሹፌሮችም ተከተሉ። ድንበሩን የሚሻገረው ወረቀትና በርበሬ ብቻ ሆነ።

ይህንኑ ነገር ብዙ ቆይቶ ስለ አውሮፓ ሳነብ አገኘሁት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እዚያም አንዱ የሌላውን ገንዘብ አይፈልግም፤ ዶላር ደግሞ የለም። እ.ኤ.አ. በ1950 የአውሮፓ ክፍያዎች ኅብረት የሚባል አቋቋሙ። ማን ለማን ስንት እንዳለበት ባዝል ከተማ ያለው ባንክ በየወሩ ያቻችላል፤ የሚከፈለው ልዩነቱ ብቻ ነው። አሜሪካ ለማስጀመሪያ 350 ሚሊዮን ዶላር ሰጠች። ፈረንሳዊው ሹማን የፈረንሳይና የጀርመን ከሰልና ብረት በአንድ የጋራ ባለሥልጣን ሥር ይሁን ያለውም በዚያው ዓመት ነው፤ በማግስቱ ዓመት ስድስት አገሮች ፈረሙ፣ ሲጣሉ የሚዳኛቸው ፍርድ ቤትም አብሮ መጣ። ዩሮ በሰው እጅ የገባው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ከደብተሩ እስከ ኖቱ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሄዱ። እኛ የጀመርነው ኖቱን ይዘን ነው። ስምምነትም ኮሚቴም ነበር፤ ስንጣላ «ተው» ብሎ የሚዳኝ ግን አልነበረም።

ኬኔሶ መኪና የምናቆምበት ግቢ ውስጥ አንድ ሩማንያዊ ባለመኪና አለ። ወንድሙ አገር ቤት ከባድ መኪና ይነዳል። ሩማንያ የአውሮፓ ኅብረት ውስጥ የገባችው እ.ኤ.አ. በ2007 ቢሆንም፣ ሃንጋሪ መሻገሪያው ናድላክ ላይ ወንድሙ ሲሰለፍ ነው የኖረው። ኬላው የተነሳው እ.ኤ.አ. በ2025 መግቢያ ላይ ነው፤ ገንዘባቸው ዛሬም ሌይ ነው። «መንገዱ ይቅደም፣ ገንዘቡ ይደርሳል» አለኝ። እኛ ገንዘቡም መንገዱም ነበረን ስለው ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት።

ሚያዝያ 24 እና 25 ቀን 1990 የአውሮፓ መሪዎች ብራስልስ ተሰብስበው ዩሮን የሚጀምሩ 11 አገሮችን ለዩ። በሦስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 28፣ ባድመ ላይ በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ተኩስ ተከፈተ። ግንቦት ላይ የኢትዮጵያ ጭነት ከአሰብ ቀረ፤ ተሳቢው ሁሉ መሪውን ወደ ጋላፊ፣ ወደ ጅቡቲ አዞረ። ስንቱ እንዳለቀ፣ ከአዲስ አበባም ከአሰብም ስንቱ ቤቱን ጥሎ እንደተባረረ ሌሎች ጽፈውታል። እኔ የደብተሩን ነው የማወራው። የመጨረሻው ወረቀት ጋሼ ኪስ ውስጥ ነበር። ኮምቦልቻ ደርሰን ከፈልን፤ ሌሎችም አምጥተው ከፈሉ። በርበሬ የሚጭን ግን አልተገኘም። ገንዘቡ እህትየዋ ዘንድ ቀረ።

መስከረም 1 ቀን 2011 የቡሬና የዛላንበሳ ድንበሮች ሲከፈቱ እዚህ ሆኜ በቴሌቪዥን አየሁ። ብዙም ሳይቆይ የእህትየዋ ልጅ ደወለልኝ፤ እትዬ ኮምቦልቻ ገብተዋል። ሁለቱ እህትማማቾች አንገት ለአንገት ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ሰንብተው፣ ከዚያ በገንዘቡ ተጣሉ። ታናሽየዋ የተቀበሉትን ያህል ቆጥረው አቀረቡ፣ ሳንቲም አላጎደሉም። እትዬ ደግሞ፣ «ያኔ ዶላሩ በ7 ብር ነበር፣ ዛሬ 28 ነው፤ ይህ የእኔ ገንዘብ ነው?» አሉ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ብርም ናቅፋም ዶላርም አላስማማ ሲል፣ ያኔ ስንት ኩንታል ጤፍ ይገዛ ነበር ተብሎ በጤፍ ተሰላ። ታናሽየዋ ግማሹን ከፈሉ፤ ቀሪው እትዬ ለመጪው እንቁጣጣሽ ሲመጡ ይሁን ተባለ። ቡሬ ዓመቱ ሳይሞላ ተዘጋ።

ልጁ እንደገና ደወለ። የእትዬ ሴት ልጅ እዚሁ አትላንታ፣ ክላርክስተን ናት፤ «አንተ ቀሪውን ለእሷ በዶላር ስጣት፣ እኛ እዚህ ለእናትህ በብር እንሰጣለን» አለኝ። እሺ ብዬ ልጅቷ ዘንድ ደወልኩ። አሰብ ሳውቃት ጠረጴዛ ሥር የምትድህ ሕፃን ነበረች። ነገሩን አንድ በአንድ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «እሺ ጋሼ፣» አለች፣ «ግን ምንዛሪው በባንክ ነው በጥቁር ገበያ?»