ቀይዋ ካሜራና የእናቴ ግማሽ ፎቶ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ከቁም ሳጥኔ ውስጥ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለች ቀይ ካሜራ ይዛ ወጣች። «እማማ፣ ይቺን ስጪኝ» አለችኝ። 15 ዓመቷ ነው። ስልኳ ከዚህች ካሜራ የተሻለ ፎቶ እንደሚያነሳ ስለማውቅ «ምን ያደርግልሻል?» ብዬ ጠየቅኋት። የድሮዎቹ ትንንሽ ዲጂታል ካሜራዎች በወጣቶች ዘንድ እንደገና ተፈላጊ እንደሆኑ፣ የሚያነሱት ፎቶም የድሮ መልክ ስላለው እንደሚወደድ አስረዳችኝ። እኔ ግን «ቆዪ እስቲ» ብቻ ብዬ ዝም አልኩ። ካሜራዋን የደበቅኋት ስለምሳሳላት አልነበረም።

ካሜራዋ ካነን ፓወርሾት ኤ470 ትባላለች። በ2001 ዓ.ም. ለጥምቀት ከዋሽንግተን የመጣችው ታናሽ እህቴ ናት ያመጣችልኝ። ካነን የመጀመሪያውን ፓወርሾት ካሜራ ያወጣው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በኋላ «ኤ» የሚል ፊደል እየሰጠ ያወጣቸው ትንንሾቹ ካሜራዎች ዋጋቸው ቀለል ያለ፣ እንደኔ ላለ ስለ ፎቶ ምንም ለማያውቅ ሰው የሚሆኑ ነበሩ። የእኔዋ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣች፣ ባለ 7.1 ሜጋፒክስል ናት። ከሁሉ የወደድኩላት ግን የራሷ ልዩ ባትሪ የማትፈልግ መሆኗን ነው። ለግድግዳ ሰዓት የምንገዛው ዓይነት ሁለት ትንንሽ ድንጋይ ከተገኘ ትሠራለች። እርግጥ የሱቁ ርካሽ ድንጋይ ጥቂት ፎቶ አንስቶ ይሞታል፤ ቻርጅ የሚደረገው ይሻላል። ቢሆንም ለክፍለ ሀገር መንገድ እንዲህ ያለ ዕቃ አይገኝም።

እኛ ያደግነው ፊልም ተቆጥሮ በሚነሳበት ዘመን ነው። በአንድ ፊልም ቢበዛ 36 ፎቶ ነበር። ሠርግም ክርስትናም በዚያው ይብቃቃል፤ ከዚያ ፎቶ ቤት ተሰጥቶ እስኪታጠብ በጉጉት ይጠበቃል። እህቴ በካሜራዋ ውስጥ የከተተችልኝ ባለ 1 ጊጋባይት ካርድ ግን ወደ 300 ገደማ ፎቶ ይይዝ ነበር። ማሳጠቢያ የለ፣ ፊልም መግዛት የለ። ያገኘሁትን ሁሉ አነሳሁ፤ አበባውን፣ ድመቱን፣ የጤና ጣቢያችንን የቡና ሰዓት። አንዱንም አላሳተምኩም።

በዚያው ዓመት ለፋሲካ ደብረ ብርሃን እናቴ ዘንድ ሄድኩ። እናቴ ፎቶ ስትነሳ እንደ ድሮ ሰው ፊቷን ቋጥራ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ትንፋሿን ውጣ ነበር። ደጅ ፀሐይ ላይ ጋቢዋን ደርባ እንደተቀመጠች አንድ አነሳኋትና ወዲያው በካሜራዋ ጀርባ ላይ አሳየኋት። ትክ ብላ አየችና «ይቺ አሮጊት ማን ናት?» አለችኝ። ከዚያ ሳቀች። ያንን ሳቅ በሁለተኛው ፎቶ ያዝኩት። ወንድሜ በኋላ አይቶት «እትዬ፣ ይሄን አደራ አስፍተሽ አሳትሚልን» አለኝ። እሺ አልኩ።

ጥቅምት 2002 ዓ.ም. የልጅ ልጄ ክርስትና ሆነ። እናቴ ጉልበቷ ስለከዳት አልመጣችም። ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ሕፃኗን ከነእናቷ ላነሳ ስል ካሜራዋ ካርዱ ሞልቷል አለችኝ። ሰው ተሰልፎ ይጠብቀኛል፤ መነጽሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። የማልፈልጋቸውን ሁለት ሦስት ፎቶዎች ላጥፋ ብዬ አንዱን ተጫንኩ፤ ካሜራዋ ጠየቀችኝ፤ አዎ አልኩ። የተጫንኩት ግን «ሁሉንም አጥፋ» የሚለውን ነበር።

ያን ጊዜ በነርስነት 26 ዓመት ሠርቼ ነበር። መድኃኒት ከመስጠቴ በፊት የብልቃጡን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አነባለሁ፤ ከመደርደሪያው ሳነሳው፣ ስቀዳው፣ መልሼ ሳስቀምጠው። ተማሪዎቼንም ይህንኑ አስተምር ነበር። በዚያ ቀን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አላነበብኩም። የሆነውን የተረዳሁት ማታ ቤት ገብቼ ነው። እስከዚያ ድረስ ባዶው ካርድ ላይ የክርስትናውን ፎቶ ሳነሳ ውዬአለሁ።

ለማንም አልተናገርኩም። «ለገና ስሄድ እንደገና አነሳታለሁ» አልኩ። ለገና ስሄድ ካሜራዋን ረስቻት ሄድኩ። «ለፋሲካ» አልኩ። እናቴ ሚያዝያ ላይ አረፈች።

ድንኳን ተተክሎ ለቀስተኛ ሲገባ ወንድሜ ከሐዋሳ መጣና መጀመሪያ የጠየቀኝ ያንን ፎቶ ነበር። «ካርዱ ተበላሸ» አልኩት። በቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለችው ጉርድ ፎቶ ተወስዳ እንድትሰፋ ተደረገች። ከማኅተሙ ጋር ሰፍታ፣ ፊቷ ደብዝዞ፣ እንደ ተቆጣ ሰው ሆና ድንኳኑ ውስጥ ተሰቀለች። ያለቅስ የነበረው ሰው ሁሉ «እሷን አትመስልም» ይል ነበር። ሳቋን አጥፍቼ ቁጣዋን ያሰቀልኩት እኔ ነኝ ብዬ ውስጤ ነደደ።

ከአርባዋ በኋላ ካርዱን ይዤ አንድ ኮምፒዩተር የሚጠግን ልጅ ዘንድ ሄድኩ። እሱም ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ፎቶ ሲጠፋ ወዲያው አይፋቅም፤ ካሜራዋ ቦታው ነፃ ሆኗል ብላ ትመዘግባለች እንጂ ፎቶው እዚያው ይቆያል። ለዘለቄታው የሚጠፋው ሌላ ፎቶ በላዩ ሲጻፍበት ነው። «እናቴ፣ ያን ቀን ካርዱን አውጥተው ቢያስቀምጡት ኖሮ አብዛኛው ይገኝ ነበር» አለኝ። እኔ ግን በላዩ ክርስትና አንስቼበታለሁ።

ሁለት ቀን ፈልጎ ያገኘው ድመቱን፣ አበባውንና የቡናውን ሰዓት ነበር። ከእናቴ ፎቶዎች አንድ ብቻ ተገኘ፤ የሳቋ። እሱም ግማሽ ነው። ከላይ ነጠላዋ፣ ግንባሯ፣ ዓይኗ፣ የሳቀው አፏ ጥርት ብሎ ይታያል። ከአገጯ በታች ግን ግራጫ ነው። ጋቢዋም እጆቿም የሉም።

በሙት ዓመቷ፣ ሰዉ ከተበተነ በኋላ፣ ያንን ግማሽ ፎቶ አሳትሜ ለወንድሜ ሰጠሁትና ሁሉንም ነገርኩት። ካርዱ እንዳልተበላሸ፣ እኔ እንዳጠፋሁት፣ ዓመት ሙሉ እንደዋሸሁት። ይቆጣል ብዬ ነበር። ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየና «እትዬ፣ አንቺስ አንስተሻት ነው ያጠፋሻት። እኔ ስንት ዓመት አንድ ቀን እንኳ አላነሳኋትም» አለኝ። ያን ቀን አብረን አለቀስን።

ወላጆችና አያቶች ሆይ፣ ዛሬ በስልካችሁ ውስጥ ከእኔ ካርድ እጅግ የሚበልጥ ፎቶ አለ። በየወሩ አንድ ፎቶ መርጣችሁ አሳትሙ፤ ጀርባው ላይ ስም፣ ቦታና ቀን ጻፉበት። በስህተት ያጠፋችሁት ካለ ሌላ ፎቶ ሳታነሱ ካርዱን አውጡና ለሚያውቅ ሰው ስጡ። በካርዱ ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ወደ ታች ብትገፏት ማንሳትም ማጥፋትም ትከለክላለች፤ የሚቀመጥ ካርድ እንደዚያ ይቆለፍ። ካሜራ ለረጅም ጊዜ ስታስቀምጡ ድንጋዩን አውጡለት፤ ካልሆነ ፈስሶ ያበላሸዋል። ስህተት ከሠራችሁ ደግሞ ቶሎ ተናገሩ። ከጠፋው ፎቶ ይልቅ ያስጨነቀኝ ውሸቴ ነበር።

ይህን ሁሉ በዚያ እሑድ ለልጅ ልጄ ነገርኳት። ግድግዳው ላይ ያለው የቅድመ አያቷ ፎቶ ለምን ግማሽ እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማች። ዝም ብላ ቆየችና «እና የእኔ ፎቶ ነው ያጠፋት?» አለችኝ።

«አይደለም ልጄ፣ መነጽሯን ያላደረገችው አያትሽ ናት» አልኳት።

ሁለት አዲስ ድንጋይ ገዝታ መጣች። ካሜራዋ ስትከፈት መጀመሪያ ቀኑን ጠየቀች፤ ረስታዋለች። ልጅቷ ሞላችላትና በረንዳው ላይ አስቀምጣ አነሳችኝ። ፊቴን ቋጥሬ፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር። ከዚያ ካሜራዋን አዙራ አሳየችኝ። መነጽሬን አድርጌ አየሁትና፣ ሳላስበው «ይቺ አሮጊት ማን ናት?» አልኩ። ሳቅን። ሁለተኛውንም አነሳችው።

ካሜራዋን ሰጠኋት። የተቀበልኳት ቃል አንድ ነው፤ ሁለተኛው ፎቶ በዚህ ሳምንት ይታተማል።