ቡፍ! ቡፍ!... በስቶኪንግ የዳነ የእናት ድምፅ

እስቲ አሁን ይህን ጋዜጣ በአንድ እጃችሁ ያዙና፣ ሌላኛውን መዳፋችሁን ከአፋችሁ ፊት አራት ጣት ያህል አርቃችሁ «ፖሊስ» በሉ። ተሰማችሁ አይደል? ቀጥሉና «ፍቅር» በሉ። እሱም ይነፍሳል! አሁን ደግሞ «ጳጳስ» በሉ። ድምፁ ጠንከር ብሎ ይፈነዳል እንጂ ንፋሱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። (ታክሲ ውስጥ ያላችሁ ቀስ ብላችሁ ሞክሩ፤ ወያላው «ፖሊስ» የሚል ሰምቶ እንዳይደነግጥ!)

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአፋችን ድምፅ ብቻ አይደለም የሚወጣው፣ ንፋስም አብሮ ይወጣል። «ፐ» ስንል ከንፈራችን ይዘጋል፣ አየሩ ከኋላው ይታመቃል፣ ከዚያ ድንገት ይለቀቃል። «በ»ም መንገዱ ያው ነው፤ ረገብ ይላል እንጂ። «ጰ» ላይ ግን ጉሮሮም አብሮ ስለሚዘጋ ከሳንባ የሚመጣው አየር ይቀራል። ፊት ለፊታችን ተቀምጦ የሚያዳምጠን ሰው ይህን ሁሉ ልብ አይለውም። ማይክራፎን ግን ይሉኝታ የለውም። በውስጡ ያለችው ስስ ሽፋን በንፋሱ ስትመታ «ቡፍ!» የሚል ወፍራም ድምፅ ትቀዳለች፤ ቃሉም ከሥሩ ይቀበራል።

«ታዲያ እኛ ምን አገባን? ዘፋኝ አይደለን፣ ጋዜጠኛ አይደለን!» እንዳትሉ። ያገባችኋል። እኔንም ያገባኝ ሐይቅ ከተማ በምትኖር አንዲት ጓደኛዬ ምክንያት ነው።

ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ስሟን ከጎኗ ከተኛው ውኃ የወሰደች ከተማ ናት። የጓደኛዬ እናት የሚኖሩት ግን ከዚያ አለፍ ብሎ፣ አምባሰል ውስጥ ባለች ኔትወርክ እንደ እንግዳ በሚመጣባት የገጠር ቀበሌ ነው። አምባሰል ስል ያው የምታውቁት አምባሰል ነው፤ ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ቅኝቶቻችን ለአንዱ ስሙን የሰጠው አገር። ታናሽ እህቷ ደግሞ ዐረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ከሄደች ስድስት ዓመት ሆናት። ስልክ የሚፈቀድላት ማታ ማታ ብቻ ነው፤ እሱም አሠሪዋ ደስ ሲላት። እናትና ልጅ በቀጥታ የሚገናኙበት ቀን ከስንት አንዴ ነው። ስለዚህ እናት ለገበያ ወደ ሐይቅ ሲወርዱ ድምፃቸው ይቀዳል፣ በስልክ ይላካል፣ ልጅት ደግሞ ሌሊት ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ የጆሮ ማዳመጫ ሰክታ ትሰማዋለች። አንዱን መልእክት አሥር ጊዜ!

ጓደኛዬ ለዚሁ ብላ ከደሴ ስልክ ላይ የሚሰካ ማይክራፎን ገዛች። መቼም እናት ናቸውና ምስጢር እንደሚነግሩ ሁሉ አፋቸውን ማይክራፎኑ ላይ ለጥፈው ተናገሩ። መልእክቱ ተላከ። በማግስቱ ልጅት እንዲህ ብላ መለሰች፦

«እማ ስሜን ስትጠራኝ የሚሰማኝ ንፋስ ነው። ደግሞ መጨረሻ ላይ ምንድነው ያለችው? ቡፍ ብሎ አለፈ'ኮ!»

የልጅቷ ስም በ«ፋ» ነው የሚጀምረው። እናትየዋ መጨረሻ ላይ ያሉት ደግሞ «በቃሽ ልጄ፣ ግቢ» ነበር። ይቺ «በቃሽ» ናት እንግዲህ የጠፋችው! ልጅቷ በዚያው ሰሞን ኮንትራቷን ለሁለት ዓመት ላድስ ወይስ ልመለስ ብላ እያመነታች ነበር። እህቷ «ነይ» ብትላት አታምናትም፤ «እማ የምልከውን ብር እንደምትፈልገው አውቃለሁ» ነው መልሷ። ከእናቷ አፍ መስማት አለባት።

አንድ ቃል ምን ያመጣል አትበሉ። ውጫሌ ያለችው እዚያው አምባሰል ውስጥ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል፣ 17ኛው አንቀጹ በአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣሊያን መንግሥት መጠቀም «ይቻላቸዋል» ሲል፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተገኘ። መዘዙ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ደረሰ። የእናትና የልጅ ነገር ጦር አያማዝዝ ይሆናል፤ ሁለት ዓመት ግን ይወስዳል።

እኔ ሐይቅ የደረስኩት ይህ በሆነ ሰሞን ነው። አንድ የሠርግ ቪዲዮ የሚቀርጽ ጎረቤት «በጨርቅ ጠቅልሉት» ብሏቸው፣ ማይክራፎኑ በአራት የታጠፈ የነጠላ ቁራጭ ተጀቡኖ አገኘሁት። ቡፍታው ቀንሷል። ነገር ግን የእናትየዋ ድምፅ ከጎድጓድ ውስጥ የሚወጣ መስሏል፤ «ሰ» እና «ሸ»ም ተድበስብሰዋል። ወፍራም ጨርቅ ንፋሱን ብቻ ሳይሆን ቀጫጭኑን ድምፅም ይውጣል።

ያለፋል የሚባለው ወንፊት ነው። እውነተኛ ወንፊት! የቃሚ... አይ፣ የዱቄቱን ማለቴ ነው። ወንፊት ዱቄቱን አሳልፎ እብቁን ያስቀራል አይደል? እኛ የምንፈልገው ድምፁን አሳልፎ ንፋሱን የሚያስቀር ነው። «ሁለቱም አየር አይደሉም ወይ?» ላላችሁ፣ ሐይቁ ዳር ሄዳችሁ አንድ ታንኳ ተመልከቱ። ማዕበሉ ከሥሯ ሲያልፍ ከፍ ዝቅ ትላለች እንጂ ከማዕበሉ ጋር ወደ ዳር አትነጉድም። ውኃው ይናወጣል እንጂ አይጓዝም። ድምፅም እንዲሁ ነው፤ አየሩ ባለበት ይርገበገባል። ንፋስ ግን አየሩ ራሱ ተነሥቶ ሲጓዝ ነው። ስስ መረብ መንገድ ላይ ብትዘረጉለት ተጓዡ ተሰናክሎ ይበተናል፣ እርግብግቢቱ ግን ታልፋለች።

ስቱዲዮዎች ለዚሁ የተሠራ ዕቃ አላቸው፤ እኛ ግን እንዲህ ሠራነው፦

1ኛ/ መረቡ የተቀደደ ትንሽ ወንፊት ፈለግንና ክቡን ብቻ አስቀረን። ከሌላችሁ የልብስ መስቀያ ሽቦ አጥፋችሁ ክብ አድርጉት። ስፌት የሚችል ሰው ካለ ደግሞ በሰንደዶና በአክርማ ሰፍቶ ያወጣላችኋል። ስፋቱ አንድ ስንዝር ገደማ ይበቃል።

2ኛ/ ንጹሕ ስቶኪንግ ቆርጠን እንደ ከበሮ ቆዳ ወጠርነው፤ አንዱን በክቡ ፊት፣ ሌላውን በጀርባው። በመሃላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። የመጀመሪያው ንፋሱን ይሰብረዋል፣ ሁለተኛው የተረፈውን ይቀበላል።

3ኛ/ ክቡን በሽቦ አስረን፣ ሽቦውን አሸዋ በተሞላ ትንሽ ጀሪካን ውስጥ ተከልነው። በእጅ መያዝ አይሆንም፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ይንኮሻኮሻል።

4ኛ/ ከማይክራፎኑ እስከ ስቶኪንጉ አራት ጣት፣ ከስቶኪንጉ እስከ አፍ ሌላ አራት ጣት ወይም ትንሽ ራቅ። ማይክራፎኑን ከአፍ ትክክል ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን አድርጉት፤ ንፋስ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ድምፅ ግን ዙሪያውን ይሰማል።

ለመፈተሽ ቀጭን የሶፍት ቁራጭ ከስቶኪንጉ ጀርባ አንጠልጥሉና «ፖፖ» በሉ። ካልተወዛወዘች ሠርቷል። በሻማ የሚሞክሩ አሉ፤ ስቶኪንግ ከእሳት ጋር አይዋደድም፣ ይቅርባችሁ።

ይህ መሣሪያ የማያድነውም አለ። የቤቱን ገደል ማሚቶ አያጠፋም፤ ለእሱ ግድግዳው ላይ ጋቢ ሰቀልን። ዶሮም ዝም አያሰኝም፤ ለእሱ ማታ ጠበቅን። «በኋላ በኮምፒውተር ይስተካከላል» የሚል ካለም፣ ወፍራሙን ድምፅ ትንሽ መቀነስ ይቻላል፤ ተሰንጥቆ የተቀዳ ቃል ግን ተመልሶ አይጠገንም።

እናት መጥተው ያንን ሲያዩ ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ዱቄት ነው ወይስ ድምፅ የምትነፊው?» አሉኝ። «ድምፅ ነው፣ እማማ» አልኳቸው። ተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ የልጃቸውን ስም ጠሩ። መጀመሪያ ረጋ ብለው መረቁ፦ «ከክፉ ይሰውርሽ፣ ከደግ ያውልሽ፣ እግርሽ ከደጄ ያድርስሽ» እያሉ። ከዚያ ብሩ እንዳላስፈለጋቸው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ እንደለበሰ፣ ላሟ እንደወለደች ነገሩ። መጨረሻ ላይ «በቃሽ ልጄ፣ ግቢ» አሉ። ጓደኛዬ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቃ ፊቷን አዞረች።

መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ። ልጅቷ ስለ ኮንትራቱ አንድም ነገር አላነሣችም። «እማ ስሜን ደግማ ትጥራኝ፣ እሱን ብቻ ቅጂልኝ» ነው ያለችው። ይህን ስጽፍ ኮንትራቷ ሊያልቅ አራት ወር ይቀረዋል። ምን እንደምትወስን አላውቅም። መወሰኗ ግን የራሷ ነው፤ የኛ ድርሻ ቃሉ ሳይቆረጥ እንዲደርሳት ማድረግ ነበር።

እናንተዬ! ሁላችንም ዘንድ በስልክ የተቀዳ የዘፈን መዓት አለ። የእናታችሁ ድምፅ ግን አለ? የአባታችሁ ምርቃት? የአያታችሁ ተረት? ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» እስከ ዛሬ የሚደመጠው በወጉ ስለተቀዳ ነው። የእናንተም ሰው ቢሆን ይገባዋል። ዛሬ ማታ ያረጀ ስቶኪንግ ፈልጉ፣ ሽቦ አጥፉ፣ አስቀምጧቸውና «እስቲ ያውሩኝ» በሏቸው። ስማችሁን እንዲጠሩ ማድረግ ግን እንዳትረሱ!