ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፤ ከመምህርነት እስከ እንደራሴነት

የወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ስም በተነሣ ቁጥር ብዙ ሰው የሚያስታውሰው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም በ1950 ዓ.ም. በሕዝብ ተመርጠው የኢትዮጵያ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት መሆናቸው ነው። ይህ እውነትም ነው፤ ክብርም ነው። እኔ ግን ዘንድሮ የወደፊት ሥራዬን መምረጥ ግድ ስለ ሆነብኝ፤ ከወንበሩ ይልቅ ወደ ወንበሩ የወሰዳቸውን መንገድ ደጋግሜ ተመለከትሁ።

አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በውጭ አገር የተማሩ፤ የጎንደርም የአዲስ አበባም ከንቲባ የነበሩ ሰው ናቸው። በ1908 ዓ.ም. የተወለዱት ልጃቸው፤ ሴት ልጅ ከማጀት አትውጣ በሚባልበት ዘመን፤ ለትምህርት ወደ ስዊስ ተላኩ። እንዲህ ያለ ዕድል ያገኙ ሴቶች በዚያን ጊዜ እጅግ ጥቂት ነበሩና፤ ሁሉን በትጋታቸው ብቻ አገኙት ብንል ባልተላኩት እኅቶቻችን ላይ ፍርድ ማጓደል ይሆንብናል። ሆኖም የተማሩትን ይዘው ተመለሱ። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ወደ ምዕራብ ሄደው ከአርበኞች ጋራ ተሰለፉ፤ ተይዘውም አዚናራ በምትባል የኢጣሊያ ደሴት ታሰሩ።

ከዚያ ሁሉ መከራ በኋላ ወዴት ሄዱ? ወደ ትምህርት ቤት! የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን በዲሬክተርነት የመሩ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። ተውኔትና ግጥምም ይጽፉ ነበር፤ «የልቤ መጽሐፍ» የታተመው በ1942 ዓ.ም. ነው። ከግዞት የተመለሰ ሰው ማረፍ ወይም ሹመት መለመን ይችል ነበር፤ እርሳቸው ግን የልጃገረዶችን ትምህርት መረጡ፤ እኔን የሚያስደንቀኝም ይኸው ነው።

ምርጫው የመጣው በኋላ ነው። በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት እንደራሴዎችን የሚመርጡት መኳንንትና ሹማምንት ነበሩ፤ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ግን ምርጫውን ለሕዝብ ሰጠ፤ ሴቶችም መራጭና ተመራጭ ሆኑ። እርግጥ ፓርቲ አልነበረም፤ ለመመረጥ ንብረት ያስፈልግ ነበር፤ የመጨረሻውም ቃል የንጉሠ ነገሥቱ ነበር። በእንዲህ ያለ ቤት አንዲት ሴት የቱን ያህል ልትሠራ እንደምትችል አንባቢ ይገምተው። ወይዘሮ ስንዱ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደረሱ፤ ቀጥሎም በጀርመን በኢትዮጵያ ኤምባሲ አገለገሉ። ያረፉት በ2001 ዓ.ም. ነው።

አጎቴ ይህን ሁሉ ሰምተው፤ «አየሽ? መምህርነት መሸጋገሪያ ነው እንጂ ሥራ አይደለም፤ እሳቸውም ትተውት ሄደዋል» አሉኝ። እኔም፤ «ጋሼ፤ ምክር ቤቱ እኮ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ተዘጋ፤ ሕገ መንግሥቱም ታገደ። ያስተማሯቸውን ልጃገረዶች ግን የትኛው አዋጅ ማይም ሊያደርጋቸው ይችላል?» ብዬ መለስሁላቸው። ጥቂት ዝም አሉና፤ «ደመወዙስ?» አሉኝ።

ለዚህኛው መልስ አላገኘሁም። በምርጫ ቅጼ ላይ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍሁት መምህርነትን ነው።