ሦስት ቀን በአምደወርቅ

ይህን የምጽፈው በወረዳ ከተሞች ቅርንጫፍ ውስጥ ሰርቨር ለሚጠብቁ የሙያ ባልደረቦቼ ነው። በጥር 2012 ዓ.ም. በዋግ ኽምራ ደሃና ወረዳ፣ አምደወርቅ ላይ የደረሰብንን እንደሆነው እናገራለሁ። ያኔ እሠራበት የነበረውን የቁጠባና ብድር ተቋም ስም አልጠራም፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር።

መቀመጫዬ ሰቆጣ ነበር። ከዚያ ሆኜ የየቅርንጫፉን ኮምፒውተርና ሰርቨር እከታተላለሁ። አምደወርቅ የራሱ ሰርቨር ነበረው፤ ከካዝናው ክፍል ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከዩፒኤስና ከአንድ ማራገቢያ ጋር ተቀምጧል። የቀኑን ሒሳብ ማታ ማታ ወደ ሰቆጣ ይልካል። ወሩ የሴፍቲኔት ክፍያ የሚሰጥበት ነበር። ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በዋግ ኽምራ ስንት ቤት እህሉ ባለቀበት ወር በዚሁ ገንዘብ እንደሚሻገር የአገሩ ሰው ያውቃል። የክፍያ ቀን ሰው ከሩቅ ቀበሌ በሌሊት ተነሥቶ፣ ስንቁን በጨርቅ ቋጥሮ፣ የቁጠባ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ይመጣል።

ሰኞ ረፋድ ላይ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ደወሉልኝ። «ሲስተሙ እየተጎተተ ነው» አሉ። ከአንድ ደቂቃ በታች ያልቅ የነበረ ክፍያ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጅቷል። በስልክ እየነገርኩ አንዳንድ ነገር አስነካኋቸው፤ ለጥቂት ደቂቃ ተሻለ፣ ከዚያ ተመልሶ ቆመ። ከሰዓት በኋላ «ሲስተም የለም» ተብሎ መስኮቱ ተዘጋ። ከሩቅ የመጣው ሰው የሚመለስበት ጉልበት ስላልነበረው አጥር ሥር ጋቢውን ተከናንቦ አደረ። ጥር ነው፤ የደሃና ደጋ ሌሊት በጥር ይቀዘቅዛል።

ማክሰኞ ማለዳ ከሰቆጣ ተነሥቼ ደረስኩ። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ዛሬ ይደርሰናል?» ብለው ጠየቁኝ። «ይደርሳል፣ አባቴ» አልኳቸው። ይህን ስል ገና ምንም አላየሁም ነበር።

ቀኑን ሙሉ ደከምኩ። ፕሮሰሰሩን አየሁት፤ ከአቅሙ አሥር በመቶውን እንኳ አይሠራም። ማሽኑ ሥራ የፈታ ስለመሰለኝ ችግሩ መስመሩ ላይ ነው ብዬ ደመደምኩ። ገመድ ቀየርኩ፣ ስዊቹን ቀየርኩ፣ አቧራውን አራገፍኩ፣ የካሸሮቹን ኮምፒውተሮች አንድ በአንድ አጥፍቼ አበራሁ። አንዱን ነገር በነካሁ ቁጥር ሲስተሙ ይነሣል፣ «አገኘሁት» እላለሁ፣ ጥቂት ቆይቶ ይቆማል። ያታለለኝ ይኸው ነበር፤ እኔ ባልነካውም በዚያው ደቂቃ ይነሣ ነበርና። ማታ ለሰቆጣ ቢሮ ሰርቨሩ አርጅቷል፣ አዲስ ይገዛ የሚል ደብዳቤ ጻፍኩ። ሰውም ሁለተኛውን ሌሊት አጥር ሥር አደረ።

ረቡዕ ጠዋት ሰልፉ ከግቢው አልፎ መንገዱ ላይ ወጥቷል። አራት ሰዓት ላይ ሁሉም ስክሪን አንድ ላይ ቆመ። አለቃዬ ከሰቆጣ ደውለው «ሰርቨሩን አጥፍተህ አብራው» አሉኝ። ወደ ጠባቧ ክፍል ገባሁና ጣቴን ማጥፊያው ላይ አሳረፍኩ። በዚያች ቅጽበት ፈራሁ። በመሐል ያሉ ክፍያዎች ነበሩ፤ መዝገቡ እየተጻፈ ሳለ ከተቆረጠ ተመልሶ ላይነሣ ይችላል። ሲስተሙ ሲጎተት የሰኞና የማክሰኞ ማታ መጠባበቂያ ቅጂ ስላልተሳካ እጃችን ላይ ያለው ቅጂ የእሑድ ነበር።

የመስኮት ቁጥር ሁለት ካሸር የገባችው ያኔ ነው። በእጇ የተማሪ ደብተር ይዛለች። «ወንድሜ፣ ከማጥፋትህ በፊት ይህን እይልኝ» አለች።

ደብተሩን ስለ ሰርቨሩ ብላ አልያዘችውም። ጉድለት ቢገኝ የምትጠየቀው እርሷ ናት። ስክሪኑ ሲቆም ክፍያው አልፎ እንደሆነ ስለማታውቅ ለራሷ መከላከያ በሰማያዊ እስክሪብቶ ትመዘግብ ነበር፤ የባለደብተሩን ቁጥር፣ የቆመበትን ሰዓት፣ የተነሣበትን ሰዓት። ጣቴን ከማጥፊያው ሳላነሣ አነበብኩት። 2:30 ቆመ፣ 2:39 ተነሣ። 3:00 ቆመ፣ 3:11 ተነሣ። 3:30 ቆመ፣ 3:42 ተነሣ። 4:00 ቆመ። ወደ ኋላ ገለጥኩት። ማክሰኞም እንዲሁ፣ ሰኞም እንዲሁ። በየግማሽ ሰዓቱ፣ ደቂቃ ሳያዛንፍ።

ያረጀ ማሽን ሰዓት ጠብቆ አይደክምም። በሰዓቱ የሚመጣ የታዘዘ ሥራ ነው። ያዘዘውም ማን እንደሆነ አወቅሁ። ኅዳር ላይ የሰቆጣ ቢሮ በቅርንጫፉ ካዝና ምን ያህል ብር እንደቀረ ቶሎ ቶሎ ለማወቅ ፈልጎ ነበር፤ ጥሬ ገንዘብ በአጃቢ የሚላከው ይህ ታይቶ ነው። በየግማሽ ሰዓቱ የሚሠራ ሪፖርት ጽፌ የጫንኩት እኔ ነኝ። ሪፖርቱ የዕለቱን ብቻ ለይቶ የሚያገኝበት ማውጫ አልሠራሁለትም። ስለዚህ በመጣ ቁጥር ቅርንጫፉ ከተከፈተ ጀምሮ ያለውን ግብይት ሁሉ ከዲስክ ላይ ያነባል፤ አንብቦ እስኪጨርስም መዝገቡን ቆልፎ ይይዛል። በኅዳርና በታኅሣሥ ባለጉዳይ ጥቂት ስለነበር ማንም አላስተዋለውም። የክፍያው ሕዝብ ሲመጣ ግን ከፋዩም ሪፖርቱም አንድ ዲስክ ላይ ተሰለፉ። አንዱ ጋሪ ሙሉ ጀሪካን ይዞ ቦኖውን ሲይዘው ሌላው አንዲት ጀሪካን ይዞ እንደሚጠብቀው ማለት ነው። ፕሮሰሰሩም ሥራ የፈታው ዲስኩን ሲጠብቅ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ያላየሁት ይህን ነው።

ጣቴን አነሣሁ። አለቃዬን «ትንሽ ይታገሱኝ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ሰርቨሩን ሳላጠፋ ያንን ሪፖርት ብቻ አስቆምኩት፤ ከታዘዙት ሥራዎች ዝርዝርም አወጣሁት። ደቂቃ አልሞላም፣ ከአዳራሹ የደብተር ማተሚያው ሲንጫጫ ሰማሁ። አንዱ፣ ከዚያ ሌላው። ወጥቼ ከካሸሯ ኋላ ቆምኩ። አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሁለታችንም ስክሪኑን አየን። አልቆመም። አምስት ሰዓት ላይም አልቆመም። እርሷ ደብተሯ ላይ «5:00 አልቆመም» ብላ ጻፈች።

ማታ ሒሳቡን ስናመሳክር የሁለት ሰዎች ቁጠባ ሁለት ሁለት ጊዜ ተቆርጦ አገኘን፤ ስክሪኑ ቆሞ ሳለ ቁልፉ ዳግመኛ ተጭኖ ነበር። ያገኘናቸው በዚያው ደብተር ነው። በማግስቱ ተጠርተው ተስተካከለላቸው። ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ የመጨረሻው ሰው ብሩን ቆጥሮ ወጣ። በሩ ላይ የጠየቁኝን ሽማግሌ ግን ሲከፈላቸው አላየሁም። እስከ ዛሬ አስባቸዋለሁ።

አዲስ ሰርቨር አልተገዛም፤ ደብዳቤዬን አነሣሁ። ለሪፖርቱ ማውጫ ሠራሁለት፣ የቀረውን ከባድ ሥራ ወደ ሌሊት አዛወርኩ፣ ሜሞሪ ጨመርን። ከሁሉ የጠቀመን ግን በየሳምንቱ አንድ ክፍያ ስንት ሴኮንድ እንደሚወስድ መለካት መጀመራችን ነው። ሥራ አስኪያጁ ስለ ሜሞሪና ዲስክ ብነግራቸው ግድ አልነበራቸውም። «በሰዓት ስንት ሰው ይስተናገዳል?» የሚለውን ግን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ከዚያ ወዲህ በዚሁ ቋንቋ ተነጋገርን፤ ካሸሮቹም ሳያመሹ ቤታቸው መግባት ጀመሩ። ለአንድ የቁጠባ ተቋም ሰርቨር ፈጠነ ማለት ከዚህ የተለየ ትርጉም ያለው አይመስለኝም። ሁለት ቀን ብርድ ላይ ያደረ ሰው ዳግመኛ ብሩን አምኖ አያስቀምጥም፤ ብር ካልተቀመጠም የሚያበድሩት ብር የለም።

 

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ስሰማ ያቺ ጠባብ ክፍል ትዝ አለችኝ። ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ማውጣት ቻሉ፤ ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው ያለ አግባብ የወጣው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። ምክንያቱም የሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሲደረግ የተፈጠረ ችግር እንጂ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ተናገረ። የእኛው በመጠን ከዚያ ጋር አይነጻጸርም። ግን የእኛም ችግር ከውጭ አልመጣም፤ ለበጎ ተብሎ በገዛ እጃችን የተደረገ ለውጥ ነበር።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ የማንም ብር አልጠፋም፤ ካሸሯም በጉድለት አልተጠየቀችም። የደብተሯን ሦስት ገጽ በፎቶ አንሥቼ ይዣለሁ። እናንተም ሰርቨር የምትጠብቁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የክፍያ ቀን ሲደርስ ከሰርቨሩ ክፍል ወጥታችሁ ከካሸሮቹ ኋላ ለአንድ ሰዓት ቁሙ። ስንት ሰዓት ላይ እንደሚቆምባቸውም ጠይቋቸው።