ወደ አቦምሳ ስንወርድ



በዚህ ወር ጉዟችን የምንወስዳችሁ ወደ አቦምሳ ነው። የመርቲ ወረዳ ከተማ ናት፤ መርቲን ደግሞ ከአርሲ ውጭ ያለ ሰው የሚያውቀው ከቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ላይ ነው። መነሻችን አሰላ፣ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በጭላሎ ተራራ ሥር 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው ከተማ ናት። ጧት ከአሰላ የሚነሳ ሰው ጋቢ ሳይደርብ አይወጣም፤ ኢተያን አልፎ ደራ ሲደርስ ግን ጋቢው ከትከሻ ወርዶ ጭን ላይ ይቀመጣል። የስንዴውና የገብሱ ማሳ እየሳሳ ግራሩ ይበዛል። ከደራ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በጀጁ፣ በአርቦዬ በኩል አቦምሳ ይገባል። ከፍታው ሲቀንስ ጆሮ ድፍን ክፍት ይላል።

ስለ መንገዱ ይህን ካልን ይበቃል። ልናወጋችሁ የፈለግነው በዚያ መንገድ መሪ ይዞ ስለወሰደን ወንድማችን ነው።

ለኒካሕ ተጠርተን ሚኒባስ ተከራይተን ነበር። ሾፌሩ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ፍጥነት የማይወድ፣ ሁለት ልጆች ያሉት ሰው ነው። አንድ ቁልቁለት ስንጀምር ወሬውን በመሐል አቋረጠ። መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ፤ ግንባሩ በላብ ራሰ። «ኡስታዝ፣ ልቤ ልትቆም ነው፤ ጣቶቼ ደነዘዙ» አለን። እውነቱን ለመናገር የእኛም ልብ አብሮ ወረደ።

ከኋላ የተቀመጠች ነርስ እህታችን ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «ወንድሜ፣ ፍሬቻ አሳይና ቀስ በል፤ ሰፋ ያለ ቦታ ስታገኝ ዳር ያዝ» አለችው። ዳር ያዘ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ አራቱንም ፍሬቻ አበራ። እኛ ወርደን ከጎማው ሥር ድንጋይ አደረግን። እሷ የእጁን ትርታ እየቆጠረች ደረቱን የሚጫነው ሕመም፣ ወደ ክንድና መንጋጋ የሚሄድ ነገር እንዳለ ጠየቀችው። የለም። ከዚህ በፊት ደርሶብህ ያውቃል? ሦስተኛው ነው። ከዚያም በአፍንጫው እስከ አራት እየቆጠረ እንዲስብ፣ በአፉ እስከ ስድስት እየቆጠረ እንዲያወጣ አደረገችው። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ የፊቱ ቀለም ተመለሰ።

አብረውን የነበሩት ሐጂ፣ «ይህ ዐይን ነው ልጄ፤ ተመልሰን ሌላ ሾፌር እንፈልግ» አሉ። የአባትነት ጭንቀታቸው ነው። ዱዓእን የሚተው ከመካከላችን አልነበረም፤ ነርሷም ብትሆን ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ሐኪሞች ግን ይህን «ፓኒክ አታክ» ይሉታል። ሰውነት አውሬ ሲመጣበት ለመሸሽ የሚያነሳውን ኃይል አውሬ በሌለበት ሲያነሳው ነው። አድሬናሊን በደም ይሰራጫል፤ ልብ ይመታል፤ ትንፋሽ ይፈጥናል። ትንፋሽ ሲበዛ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንስና ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል፣ ራስ ይዞራል። ሰውየው ይህን ሲያይ «ሞትኩ» ይላል፤ ፍርሃቱም ሌላ ፍርሃት ይወልዳል። ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርስና መብረድ ይጀምራል።

ነገሩ የፈረንጅ ግኝት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ322 ዓመተ ሂጅራ (934 እ.ኤ.አ.) ያረፉት አቡ ዘይድ አል-በልኺ «መሷሊሑል አብዳን ወል አንፉስ» በተባለው ኪታባቸው ከነፍስ ሕመሞች መካከል ቁጣን፣ ፍርሃትን፣ ሐዘንንና ወስዋስን ለይተው ጽፈዋል። ፍርሃትን በተመለከተ ሰው የሚፈራውን ነገር ደጋግሞ እየተጋፈጠ ነፍሱን እንዲያለማምድ ይመክራሉ። የዛሬ ሐኪሞችም ቀስ በቀስ መለማመድን ያዛሉ።

ስለዚህ ጥያቄው መመለስ ወይስ መቀጠል ሆነ። ሾፌራችን ከመጀመሪያው ጊዜ ወዲህ ቁልቁለት ያለበትን ሥራ እየሸሸ ሁለት ወር ሙሉ ገቢው ተጎድቶበታል፤ «እኔ እኮ እንጀራዬ ይኸው መሪ ነው» አለን። ነርሷ፣ በሸሸ ቁጥር ሰውነቱ ቦታውን እንደ አደገኛ እንደሚመዘግበው አስረዳችው። ይሁንና የስድስት ሰው ነፍስ ጭኖ እየተንቀጠቀጠ ይንዳ ማለት አይደለም። ሙሉ በሙሉ እስኪረጋጋ ጠበቅን፤ ውኃ ጠጣ፤ መኪናውን ሁለት ጊዜ ዞረው። ከዚያ እሷ ጋቢና ገብታ እያጫወተችው በሁለተኛ ማርሽ ወረድን።

መንገድ ላይ ስታወጣጣው ሌላ ነገር ወጣ። ሌሊቱን ጭነት ሲያደርስ ጫት ሲቅም አድሯል፤ ሳይተኛ ጧት አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም ጠጥቷል። ጫትም ቡናም ልብን የሚያስሮጡ ናቸው፤ እንቅልፍ ካጣ ሰውነት ጋር ሲገናኙ ለዚህ ሕመም በር ይከፍታሉ። በየመናኸሪያው «ጫት ለሾፌር ነቃ ያደርጋል» የሚለውን ወሬ እኛ ከሰማነው በኋላ ለመስማት ትዕግሥት አጥተናል።

ሐኪም ዘንድ እንዲሄድም ቃል አስገባችው። የልብ፣ የእንቅርት ዕጢ ወይም የደም ማነስ ሕመም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያሳይ መጀመሪያ እነዚያ መታየት አለባቸው፤ ራሱን የሚስት ወይም ደረቱን ጨምድዶ የሚይዘው ከሆነ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ነው። ከጎረቤት የሚለመኑ የማረጋጊያ ክኒኖችም እንቅልፍ ስለሚያመጡ መሪ ለሚይዝ ሰው አደጋ ናቸው።

አቦምሳ የደረስነው ዙህር ሲቃረብ ነው። ሙቀቱ ተቀበለን፤ ሙሽራው ወገን ደግሞ በዘገየነው ሊቆጣ ፈልጎ ምክንያቱን ሲሰማ ተወው። ሾፌራችን ከምሳ በኋላ ቡናውን በትህትና መለሰና ጥላ ሥር አንድ ሰዓት ያህል ተኛ።

አመሻሽ ላይ ስንመለስ መሪውን የያዘው እሱ ነው። ያን ስፍራ ሽቅብ ስናልፍ እኛ ዝም አልን፤ እሱ ግን ለሐጂ ስለ ስንዴ ዋጋ ማውራቱን ቀጠለ።