ከወንበሩ ጀርባ ያለው ሞተር

አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ይነዳ ነበር። ጠዋት ሲያስነሳት ከአልጋዬ ሳልወርድ ድምጿን እሰማለሁ። አንድ መስከረም ላይ ያ ድምፅ ተቀየረ፤ ከውስጥ እንደ ማንኳኳት ያለ ነገር መጣ። ዘይቷ መቀየር እንዳለበት አባቴ ያውቅ ነበር፤ ግን የእኔና የእህቶቼ ምዝገባ፣ ደብተርና ዩኒፎርም በአንድ ላይ መጥቶበታል። ዛሬ ነገ ሲል ላዳዋ መንገድ ላይ ቆመች። ሞተሩ አልቆለት ነበር። ያገለገለ ሞተር ፍለጋ ሶማሌ ተራ ሲመላለስ ከረመ። በዚያ ዓመት ቤታችን ሥጋ የገባው ለበዓል ብቻ ነበር።

አሁን 47 ዓመቴ ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ እኖራለሁ። ባለፈው የፀደይ ወቅት ዕቁብ ደረሰኝ። 20 ሰዎች በወር 500 ዶላር የምንጥልበት ስለሆነ 10 ሺህ ዶላር እጄ ገባ። በማግስቱ ለዓመታት በሆዴ ይዤው የኖርኩትን ነገር ለባለቤቴ ተነፈስኩ። ፖርሽ ቦክስተር መግዛት እፈልጋለሁ አልኳት።

ሳቀች። ከዚያ "ስንት ሰው ይይዛል?" አለችኝ።

"ሁለት።"

"እኛ ስንት ነን?"

"አራት።"

ከዚህ በላይ አልተናገረችም። እኔም ዝምታዋን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት። ባሎች ይህን ስህተት እናውቀዋለን።

ያገኘሁት መኪና የ2003 ሞዴል ነው፤ ብርማ ቀለም፣ ጣሪያው የሚታጠፍ፣ 78 ሺህ ማይል የሄደ። ዋጋው 11 ሺህ ዶላር። ፖርሽ በዚህ ዋጋ? ርካሽ የሆነበትን ምክንያት ሳነብ ብዙ ሌሊት አመሸሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን ሞተር ውስጥ የዋናውን ዘንግ ዙር ተቀብሎ በካቴና ቫልቮችን ወደሚከፍቱትና ወደሚዘጉት ዘንጎች የሚያስተላልፍ ሌላ ዘንግ አለ። የዚህን ዘንግ አንድ ጫፍ የሚሸከመው በመዳፍ የሚያዝ ኩሽኔታ ነው። ኩሽኔታው ከነግራሶው የታሸገ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ሽፋኑ ይደክማል፣ ግራሶው ይታጠባል፣ ኳሶቹ ይበላሉ። ኩሽኔታው የተሰበረ ዕለት ዘንጉ ቦታውን ይለቃል፤ የካቴናው ልክ ይዛባል፤ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ፤ የብረት ስብርባሪው ከዘይቱ ጋር በሞተሩ ውስጥ ይዞራል። ከዚያ በኋላ የሚኖረው ጥገና አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሞተር መግዛት ነው፤ ዋጋውም ከመኪናው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ለፍትሕ ሲባል፣ አብዛኞቹ መኪኖች ይህ ሳይደርስባቸው ብዙ ዓመት ይሄዳሉ። የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ኩሽኔታ ባለ ሁለት ረድፍ ኳስ በመሆኑ የተሻለ ስም አለው። ይበልጥ የሚጠረጠረው ከዚያ በኋላ እስከ 2005 የተሠራው ባለ አንድ ረድፉ ነው። አሜሪካ ውስጥ ክስ ቀርቦበት፣ ከ2001 እስከ 2005 የነበሩ የተወሰኑ ሞዴሎችን በሚመለከት በስምምነት ተዘግቷል። ከ2006 ጀምሮ ኩሽኔታው ተልቆ ተሠራ፤ ይሁን እንጂ ሞተሩ ካልተፈታ አይወጣም። በ2009 የመጣው አዲስ ሞተር ዘንጉን ራሱን አስቀረው። እኔ የወደድኳት የ2003ቷ እንግዲህ ከሚጠረጠሩት መካከል ነበረች።

ሻጩን አስፈቅጄ መኪናዋን የአገራችን ሰው ወደሆነ አንድ መካኒክ ወሰድኳት። እንደ ልማዴ ኮፈን ልከፍት ስል ሳቀብኝ። "ከፊት ዕቃ መጫኛ ነው፣ ከኋላም ዕቃ መጫኛ ነው። ሞተሩ ከወንበርህ ጀርባ ነው፤ እንደ ሌላው መኪና ከፍተህ አታየውም" አለኝ። ከኋላ በኩል የሚገኙት የዘይትና የውሃ መሙያዎቹ ብቻ ናቸው። 11 ሺህ ዶላር የማወጣበትን ሞተር በዓይኔ ሳላየው ልገዛ ነበር።

መካኒኩ መኪናዋን አንስቶ ከሥር አያት። ፊልትሮውን አወጣና ወረቀቱን ቆርጦ በመብራት ዘረጋው። ብልጭ የሚል የብረት ቅንጣት አልነበረም።

"ጋሼ፣ እንግዲህ ደህና ናት ማለት ነው?" አልኩት።

"ዛሬ ደህና ናት። ስለ ነገ ፊልትሮ አይናገርም" አለኝ። ከዚያም ኩሽኔታው ከዚህ በፊት መቀየር አለመቀየሩን ሻጩን ጠይቄ ደረሰኝ እንዳይ መከረኝ። እሱን ለመቀየር ካምቢዮና ፍሪሲዮን መውረድ ስላለባቸው፣ አስተዋይ ባለቤት ፍሪሲዮን ሲያስቀይር አብሮ ያስቀይረዋል። ሌላም ነገር ጠየቀኝ፤ "ልታያት ስትሄድ ሞተሯ ቀዝቃዛ ነበር?"

አልነበረም። ሻጩ ቀድሞ አስነስቶ አሙቆ ነበር የጠበቀኝ። ሞተር ብዙ ምስጢሩን የሚያወጣው ጠዋት፣ ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው። እኔ የላዳ ባለታክሲ ልጅ ይህን እንዴት ረሳሁት?

ሻጩ ደረሰኝ የለውም። የፍሪሲዮንና የኩሽኔታው ሥራ የሚፈጀውን ጥቂት ሺህ ዶላር ከዋጋው እንዲቀንስልኝ ጠየቅሁት። "ሌላ ገዢ ይመጣል" አለኝ።

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፤ "ሞተሩ ነገ ቢሰበር የሚከፈለው ከየትኛው ኪስ ነው?"

ሌላ ኪስ አልነበረንም። ያለችው ትልቋ ልጃችን በመጪው መስከረም ኮሌጅ ስትገባ የምናወጣት ቁጠባ ናት። አንድ ኩሽኔታ ከልጄ ትምህርት ጋር ምን ያገናኘዋል ብዬ ልከራከር ነበር። ግን ከዚህ ቀደም በሌላ አገር፣ በሌላ መስከረም፣ ሲገናኝ አይቻለሁ።

እሁድ ለአባቴ ስደውል ነገሩን እንደ ቀልድ አወራሁት። አልሳቀም። "የላዳዋን ድምፅ እኮ እያወቅሁ ነው የነዳኋት" አለኝ። "ሞተሩ እንደሚሄድብኝ አውቅ ነበር። ግን የእናንተ ምዝገባ የሚያልቀው በዚያው ሳምንት ነበር። እኔ ምርጫ አልነበረኝም ልጄ። አንተ ግን አለህ።"

በሰላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ ስለዚያች ላዳ ይህን ሲነግረኝ የመጀመሪያው ነው። እኔ ረስቶት፣ ወይም ቸል ብሎ ይመስለኝ ነበር።

መኪናዋን አልገዛኋትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማስታወቂያዋ ወረደ፤ ሻጩ እንዳለው ሌላ ገዢ መጣ ማለት ነው። ምናልባት አሁን ጣሪያዋን አጥፎ ያለ ምንም ችግር እየነዳት ይሆናል። ይሁንለት።

ፍላጎቴ አልሞተም። እንደ እኔ የሚመኝ አንባቢ ካለ የተማርኩትን ላካፍለው። ሞተሩ ሳይነሳ እንዲጠብቃችሁ ለሻጩ ቀድማችሁ ንገሩት። ለምርመራ የምታወጡትን ገንዘብ አትሰስቱ። ያማረውን ቀለም ሳይሆን የደረሰኙን ክምር እዩ። ከሁሉም በላይ፣ ሞተሩ ቢሰበር የምትከፍሉበትን ገንዘብ ለብቻው አስቀምጣችሁ ካልሆነ በቀር ገና ዋጋዋ አልሞላላችሁም።

እኔ ለአዲሱ ዕቁብ ተመዝግቤያለሁ። ባለቤቴም ሳትነግረኝ በስሟ አንድ ዕጣ ገብታለች። "ለምንድን ነው?" ስላት፣ "ለኩሽኔታው" አለችኝ።