የመኪና እድር

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ወረታ የሚዘልቀው፣ አገሬው ዛሬም «የቻይና መንገድ» የሚለው ጐዳና ፍላቂትን አቋርጦ ያልፋል። በዚሁ ጐዳና ዳር አንድ የአዲስ አበባ ባለሚኒባስ፣ ወላጆቹን ሊጠይቅ የመጣባትን አሮጌ መኪና አቁሞ ከአባቱ ጋር ያወጋል።

ወጉ የመድን ነገር ነው። በ1967 ዓ.ም. የመድን ኩባንያዎች ተወርሰው ሥራው በመንግሥት እጅ ገባ፤ ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ለግሎቹ ተፈቀደ። የሙሉ ሽፋን ዓረቦን የሚሰላው ግን በማንም ዘንድ በመኪናው ዋጋ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋ አሻቀበ፤ እያረጀች የምትሄደው መኪናም ዋጋዋ ናረ፤ ዓረቦኗም አብሮ። (ሰው ቢሆን በጡረታ ዕድሜው ሹመት ማለት ነው!) ባለቤቱ በቀድሞው ግምት ልዋዋል ቢል፣ አደጋ ሲደርስ ካሣው በዚያው ልክ ይሸራረፍበታል። ስለዚህ ሙሉ ሽፋኑን ትቶ፣ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በዐዋጅ ግዴታ የሆነውን የሦስተኛ ወገን መድን ብቻ ገባ።

«ለመኪናይቱ እድር ገባህላት ወይ፣ ልጄ?» አሉ አባት።

«ለእሷስ አልገባሁም፣ አባዬ። ለምትገጨው ሰው ነው እንጂ።»

ሽማግሌው በከዘራቸው ጐማዋን ነካ አደረጉ።

«ደግ ነው፤ ሰውየው ካሣውን ያግኝ። እሷ የተሰበረች ዕለትሳ፣ ልጆችህ ምን ይበላሉ?»

ልጁ መልስ ሳይሰጥ የመስታወቱን አቧራ ይጠርግ ጀመር።